የማይከራይ ሱቅ ባለቤት

በዚህ ከተማ ባዶ ቤት ይዞ «ሰው ጠፋ» የማይል ባለቤት አይቼ አላውቅም። አገር ምድሩ ጣሪያ ፍለጋ እግሩ እስኪቀጥን ይዞራል፤ እሱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ጠፋ ይላል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤቱን ልታዩ ሄዳችሁ የአያታችሁን ስም፣ የመጣችሁበትን አገር፣ ስትተኙ ታንኮራፉ እንደሆነ ሳይቀር ነግራችሁት፣ በመጨረሻ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሸኝቷችኋል። አሁንም እያሰበበት ነው።

የዚህ ወገን አለቃ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ይኖራሉ። ክቡርነታቸው ጋሼ አስናቀው ይባላሉ። ከማንም ሹመት አልተቀበሉም፤ ነገር ግን የአንድ ባዶ ሱቅ ጌታ ስለሆኑ ከአውቶቡስ ተራ እስከ አብነት ድረስ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ የማይነሳቸው ነጋዴ አልነበረም። ሱቁ ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ የሰጠ፣ ሰፊ በር ያለው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉዬ በሕይወት ሳሉ ቅመም ይነግዱበት ነበር። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ሱቁም ከዚያ ወዲህ እንደተዘጋ ነበር። መርካቶ ማለት ደግሞ አንድ ሰው ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ካለ ቀና እስኪል ድረስ ከጎኑ ሽንኩርት የሚዘረጋበት ሰፈር ነው። እዚያ ስድስት ዓመት የተዘጋ በር ሰውን ያሳብዳል።

ጋሼ አስናቀው ግን ተከራይ ሲመጣ አያባርሩም። ኧረ በጭራሽ። ደጃፋቸው ካለው በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፣ በገዛ እጃቸው ጠላ ይቀዱለታል፣ ከዚያ ይጠይቁታል። ጥያቄው ሲጀመር «ለክፋት አይደለም፣ ለማወቅ ያህል ነው» ይላሉ። ሲያልቅም ያንኑ ይላሉ። በመካከሉ ሰውየው ከተጠመቀበት ደብር እስከ አማቱ ጠባይ ድረስ ያልተናዘዘው ነገር አይኖርም። አንድ ፀጉር አስተካካይ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት በኋላ ነው የተነሣው። ያልሆነበትን ምክንያት ብጠይቃቸው፣ ፀጉር አስተካካይ ወሬ ያበዛል አሉኝ።

ጠይብ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ቆርጦ መጣ። ምስማር ግድግዳ ላይ እንዳይመታ ጠየቁት፣ እሺ አለ። ሬዲዮ እንዳይከፍት ጠየቁት፣ ሬዲዮ የለኝም አለ። ሳል ያለበት ደንበኛ እንዳያስገባ ጠየቁት፣ እሱንም እሺ አለ። በማግሥቱ ጋሼ አስናቀው አንገታቸውን ነቅንቀው እንዲህ ያለው ሰው እንደሚያስፈራቸው፣ ሁሉን እሺ የሚል ሰው አንድ የደበቀው ነገር እንደማይጠፋ ነገሩኝ። ሌላው ዋስ አምጣ ተባለና አመጣ። የዋስህ ዋስ ማነው ተባለ፣ እሱንም ጎትቶ አመጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሰው አሰልፎ ቢመጣ፣ ክቡርነታቸው ሰልፉን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ ይህን ያህል ዋስ የሚያስፈልገው ሰው ምን ሊያደርግ አስቦ ነው ብለው በሩን ዘጉ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የተበደለ ሰው ይመጣል፣ እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጠረጴዛዬና ቀለሜ ከጋሼ አስናቀው ሱቅ ትይዩ ባህረዲን በረንዳ ላይ ነበሩ። ባህረዲን የፋኖስና የሳህን ነጋዴ ነው፣ ደግ ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት በነጻ አስቀምጦኛል። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ግን ዓይኔን ማየት እያቃተው፣ ከሰኔ በኋላ በረንዳውን በሳንቃ ከልሎ መጋዘን ሊያደርገው እንደሆነ ነገረኝ። ክረምቱ እየመጣ ነው። ዝናብ ያጠበውን ማመልከቻ ይዞ ሹም ፊት የሚቆም ደንበኛ የለም። ቦታ ካላገኘሁ የእኔም ሥራ፣ የልጆቼም እራት ከሰኔ ጋር ማለቁ ነው። ስለዚህ ጋሼ አስናቀውን አሥራ አንድ ጊዜ ለመንኋቸው፣ አሥራ አንድ ጊዜም ተጠየቅሁ። በልጅነቴ የያዘኝን ኩፍኝ ከእናቴ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እስቲ ላስብበት አሉኝ።

ማስታወቂያው የተለጠፈው እንግዲህ በዚያው ግንቦት ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የወጣ ነው፤ መንገድ ዳር ያለ ባዶ ሱቅና ባዶ ቤት ሁሉ እስከ ሰኔ ማብቂያ ይከራይ ወይም ባለቤቱ ራሱ ይሥራበት፣ ያለዚያ ጽሕፈት ቤቱ የመሰለውን ተከራይ ያስገባበታል ይላል። እኔ ለራሴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንዲህ ያማረ ጽሑፍ ከተወለድኩ አላየሁም። ጋሼ አስናቀው ዓይናቸው ስለደከመ ሦስተኛውን ለእሳቸው አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን መስመር ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ።

«የመሰለውን?» አሉ። «ሳይጠይቅ?»

በማግሥቱ ጠዋት ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው፣ ሱቁ ባለበት እንዲቆይ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉ። እኔኑ ማለት ነው። ሙያ ክፉ ነገር ነው፤ እንቢ የምልበት አንጀት አጣሁ። በመጀመሪያው ማመልከቻ ሱቁ ባዶ አለመሆኑን፣ አንድ የቆየ ሚዛን፣ ሁለት ጆንያና ብዛታቸው ያልታወቀ አይጦች እንደሚኖሩበት ገለጥኩ። ተመለሰ። በሁለተኛው ሱቁ ባዶ ቢመስልም ተከራይ በመመርመር ላይ ያለ መሆኑን አስረዳሁ። እሱም ተመለሰ። ሦስተኛውን ሳነበው የራሴ እንባ እስኪመጣ አድርጌ ጻፍኩት፤ አንድ የከተማው ሽማግሌ በገዛ በሩ ላይ ባዕድ ሲሾምበት እንዴት ያድራል የሚል ነበር። «አልተፈቀደም» የሚል ማኅተም አርፎበት መጣ። ለሱቁ ብዬ ደስ አለኝ፣ ለጽሑፌ ብዬ ተናደድኩ።

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ኃይለየሱስ የሚባሉ የወረዳው ተቆጣጣሪ ማክሰኞ ሱቆቹን እየዞሩ እንደሚያዩ ተነገረ። ጋሼ አስናቀው ሰኞ ማታ ባህረዲን ዘንድ ሄደው፣ ተቆጣጣሪው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ አርባ ፋኖስ አዋሰኝ አሉት። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ከስድስት ዓመት በኋላ ተከፈተ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ፋኖሶቹ ተደርድረዋል፣ ክቡርነታቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በመካከል ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ራሱ እየሠራበት ነው ማለት ነው። እኔ ከትይዩ በረንዳ ሆኜ ሳይ ተስፋዬ ቁርጥ አለ።

ጋሼ አስናቀው የረሱት ነገር መርካቶ ውስጥ መሆናቸውን ነው። አንዲት የአብነት ሴት ገብታ የፋኖሱን ዋጋ ጠየቀች። አይሸጥም አሏት፤ እውነታቸውን ነው፣ ዕቃው የሰው ነው። መርካቶ ግን ዕቃውን ደርድሮ አይሸጥም የሚል ነጋዴ ካየች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ዋጋው ሊጨምር ነው፣ ይህ ሰው ሰምቷል። ሴትዮዋ እየተጣደፈች ወጣች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፋኖስ ሊጠፋ ነው ተባለ። ረፋድ ላይ ፋኖስ የጫነ መርከብ ሰጠመ ተባለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሰጠሙት መርከቦች ሦስት ሆነዋል፣ መንገዱም በሰው ተዘግቷል። ባህረዲን የራሱን ፋኖሶች ሽጦ ጨረሰና፣ መንገዱን ተሻግሮ ያዋሳቸውን ፋኖሶች ከጋሼ አስናቀው ልግዛ ብሎ መጣ። እሱንም አይሸጥም አሉት።

ክቡርነታቸው ግን ያን ሁሉ ሰው ደጃፋቸው ላይ ሲያዩ ራሳቸውን መግዛት አቃታቸው። መጠየቅ ጀመሩ። ፋኖሱን ለምን ፈለግሽው፣ ቤትሽ ስንት ክፍል ነው፣ ባልሽ በጊዜ ይገባል ወይ፣ ለክፋት አይደለም። ሕዝቡም ደህና የመለሰ ፋኖስ የሚያገኝ መስሎት ተሰልፎ ይመልሳል። እንደዚያን ዕለት ፊታቸው በርቶ አይቼ አላውቅም።

አቶ ኃይለየሱስ በሰው መካከል ተጋፍተው ሲገቡ ቆባቸው ተጣሞ ነበር። ሥራ ያደከማቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ሱቁን፣ ፋኖሱን፣ ሕዝቡን አዩና ደስ ብሏቸው «በሥራ ላይ ነው» ብለው ሊጽፉ ብዕራቸውን አወጡ። እሳቸውም የቤት አባወራ ናቸውና፣ በዚያውም ለእኔ አንድ ፋኖስ ይስጡኝ አሉ። ጋሼ አስናቀው አይሸጥም አሉ። ብዕሩ ቆመ። አቶ ኃይለየሱስ ዝግ ብለው፣ ዕቃ አከማችቶ አልሸጥም ማለት ከባዶ ሱቅ የባሰ ጥፋት እንደሆነና ፋኖሶቹ እንደሚወረሱ አስረዱ። ከበሩ ላይ ባህረዲን «ያ አላህ» ሲል ተሰማ።

ጋሼ አስናቀው ብዙ ነገር ናቸው፣ የሰው ዕቃ ግን አያስወርሱም። ተነሥተው፣ ፋኖሶቹ የባህረዲን ናቸው፣ ሱቁ ባዶ ነው አሉ። አቶ ኃይለየሱስም እንግዲያው ተከራይዎን አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ ያለዚያ እኔ እመርጣለሁ አሏቸው። ይህን የሰማ ሕዝብ ፋኖሱን ረሳ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ እኔ እኔ ይላል። ክቡርነታቸው ከፊታቸው ሁለት መቶ ተከራይ ቆሞ፣ አንዱንም ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም። ዓይናቸው ሲንከራተት ቆየና ብዕሬን እንደያዝኩ ከሕዝቡ ጋር ገብቼ ዳር በቆምኩት በእኔ ላይ አረፈ።

«ወርቁ፣ አንተን ስንት ጊዜ ጠይቄሃለሁ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ፣ ጋሼ።»

«ያልጠየቅሁህ የቀረ ነገር አለ?»

አሰብኩ። «ያለ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አንተ ነህ» አሉ። ድምፃቸው የደስታ ድምፅ አልነበረም።

የኪራይ ውሉን ራሴ ጻፍኩት፣ በዚያው ዕለት ገባሁ። ዝናቡ ሐሙስ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ደረቅ ወረቀት ላይ ስጽፍ፣ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነገር ግን ከግድግዳው ወዲያ ፀጥታ ሆነ። ሱቁ መያዙን አገሩ ሁሉ ስለሰማ ወደ ጋሼ አስናቀው የሚመጣ ሰው ቀረ። ጠዋት ወንበራቸውን ያወጣሉ፣ በርጩማውን ከፊታቸው ያስቀምጣሉ፣ ሲመሽ ሁለቱን ያስገባሉ። አንዳንዴ እኔ ዘንድ ይመጡና ደንበኞቼን አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሥራ አስፈታሁህ ብለው አፍረው ይወጣሉ። አንድ ቀን ዝናቡ ይዟቸው እኔ ዘንድ ሲቆዩ፣ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«እሷ ከሞተች ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ለሱቁ ብሎ ነበር የሚመጣው። እኔን ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ይመጣ ነበር። አሁን ማን ይመጣል?»

 አሥራ አንድ ጊዜ በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠላቸውን ጠጥቻለሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜም ስወጣ በልቤ ሰድቤያቸዋለሁ። ቁልፉን ፈልጌ ካልሆነ በቀር አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋሉ ልበል ብዬ ሄጄ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ፣ ክፍል ፍለጋ መሰቃየቱን አጫወተኝ። ከዚህ ከጎን ጋሼ አስናቀው ጓሮ አንዲት ክፍል ሳትኖር አትቀርም፣ ሄደህ ጠይቃቸው አልኩት። ጓሮ ያለው የእንጨት ማስቀመጫ ነው፤ ሁለት ዶሮዎች ይኖሩበታል። አስተማሪው ከሦስት ሰዓት በኋላ ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። ክፍሉን አላሳዩትም። ስለ አያቱ ጠይቀውታል፣ ምሳ አብልተውታል፣ አይሆንም ብለውታል፤ ከዚያ አብነት አካባቢ ባዶ ክፍል ያላት አንዲት ወዳጃቸው ዘንድ በራሳቸው ስም ልከውታል። ባዶ ቤት ያለበትን ሁሉ ያውቃሉ፤ የወገናቸው ነገር ነው። አስተማሪውም ክፍሉን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው እልክላቸዋለሁ። እስካሁን ጥያቄውን ያለፈ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ክቡርነታቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡና ደንበኛ በሚቀመጥበት ተቀመጡ። ዛሬም ሰው መጥቶ ነበር፣ ለዶሮዎቹ ቤት ከየት እየሰሙ እንደሚመጡ እንጃ አሉኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ የእርስዎ ቤት ዝናው የወጣ ነው አልኳቸው። እጄ ሲጽፍ አዩና ተነሡ።

«ያን የሚልካቸውን ሰውዬ ካገኘኸው ንገርልኝ» አሉ ከበሩ ላይ ቆመው። «የሐሙሱ እንግዳ ሲበላ ዋለ እንጂ አላወራም። ሌላ ጊዜ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ይላክልኝ።»