ኦቦ ቦናያን መጠቆም ክልክል ነው

ኦቦ ቦናያ በልጅቷ አባት ፊት ተነሥተው ቆሙ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ «ልጅዎን ለልጃችን ለ...» አሉና ስሜን ረሱ።

እኔ በቦታው አልነበርኩም። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ምንጬ አብሯቸው የሄደው አጎቴ ኩራ ነው፤ ያጋንናል እንጂ አይዋሽም።

በየከተማው ለሰው ሁሉ ማስታወስን የሚያስተምር አንድ ሰው አይጠፋም፤ ራሱ ግን ጃንጥላውን ከሰው ቤት ሲለቅም ይውላል። የነገሌው ክቡር የማስታወስ ጉዳዮች ኃላፊ፣ ከሚሽን ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ጡረታ የወጡት ኦቦ ቦናያ ናቸው። «አእምሮ እንደ ኤላ ነው፤ የውሃ ጉድጓዱን ካልጠረጉት ይደፈናል» ይላሉ። መድኃኒት ልትገዛ የወጣችን ሴት «አካም፣ ናጋ?» ብለው በሰላምታ ያስቆሙና በጊዜ መተኛትን፣ ጠዋት በእግር መሄድን፣ ቁልፍን ሁልጊዜ አንድ ምስማር ላይ መስቀልን ያስተምሯታል። ሲለቋት የመድኃኒቱ ስም ጠፍቶባታል። መርሳት የማይፈልጉት ነገር ሲኖር ሰዓታቸውን ወደ ቀኝ እጃቸው ያዛውራሉ። ሰዓቱ ከቀኝ እጃቸው ወርዶ አያውቅም። ምን ሊያስታውሳቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው «እየቆፈርኩ ነው» አሉኝ።

ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው ግን ይህ ነው፤ የረሳን ሰው መጠቆም ክልክል ነው። «ቆፍሮ ያውጣ! የተነገረው ሰው ነገም ይረሳል።»

ትዳሬን ያስረከብኩት እንግዲህ ለኚህ ሰው ነው። ሻኪሶ የሚኖሩት፣ ላገባት የፈለግኳት የሶሲ አባት ኦቦ ሀንጋሳ አንዴ ሽማግሌዎቼን መልሰዋል። ከቡሌ ሆራ አንድ የቡና ነጋዴም ሽማግሌ ልኳል። ሶሲ ደግሞ «አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም» ብላለች። አባቷና ኦቦ ቦናያ ድሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ስላገለገሉ፣ ኦቦ ቦናያ ያሳምኑልኛል ብዬ ነበር።

ስሜ ሲጠፋባቸው ኩራ ሳል ሳል አደረገው። «ለዲ...» ሊል ሲል ኦቦ ቦናያ እጃቸውን አነሱ።

«ኩራ! አይጠቆምም!»

«ኦቦ፣ ሰውየው እኮ እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ። እየቆፈርኩ ነው።»

«የሚያገባው ልጅ ስም የለውም እንዴ?» አሉ ኦቦ ሀንጋሳ።

«አለው። መልካም ስም ነው። እንጸልይ።»

ሁሉም ተነሣ። ኦቦ ቦናያ በየጠዋቱ ሲጸልዩ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰፈራችንን መንገድ ከላይ ይጀምራሉ፤ በየበሩ በሐሳብ ቆመው ነዋሪውን በስሙ ይጠራሉ። «ጸሎትም ነው፣ የአእምሮ ስፖርትም ነው» ባይ ናቸው። ሻኪሶም ሆነው ያንኑ የነገሌ መንገድ ከላይ ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ የራሕማን ጉልበት አስብ፤ ደረጃው ከብዷታል። ክብሮምን አስብ፤ ጋራዡ ባዶ ነው። የሁቃ ቤት ዝግ ነው፤ ወርቅ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ። እዚሁ ሻኪሶ ካለ፣ ለእናቱ ይደውል...»

ኦቦ ሀንጋሳ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ኩራ ወንበሩን በናፍቆት አየው።

«በአረንጓዴው በር ያለውን አስብ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳይልበት ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚተኛው። አንተ ታውቀዋለህ። ዲሪባ! ዲሪባ ነው፣ ጌታ ሆይ! ዲሪባ!»

«አሜን!» አለ ኩራ ፈጥኖ።

ስለ ሬዲዮው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኩራ ይህን ሲያወራልኝ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ፤ ታስሮ ነበር።

ኦቦ ሀንጋሳ ተቀመጡ።

«የነጋዴው ሽማግሌዎች ስሙን አልሳቱም» አሉ። «ከስሙ ሌላ ግን ስለ ልጁ የሚያውቁት አልነበረም። በሉ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በዚያ በር ላይ ሶሲንም ይጨምሯት።»

በጥር ተጋባን። ሶሲ ነገሌ በገባች በሳምንቷ አረንጓዴውን በር ሰማያዊ ቀባችው።