የመምህር አዳፍሬ የቤት ሥራ

ትናንት በምሳ ሰዓት መምህር አዳፍሬ ሕልም አየ። ሕልም የሌሊት ብቻ አይደለም፤ ሽሮውን ጥርግ አድርጎ በልቶ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ክንዱን ለተንተራሰ ሰው በቀትርም ይመጣል። ደግሞም የተኛው ጭንቀት ይዞት ነበር።

ጭንቀቱ የጀመረው በዋዜማው ነው። የዘጠነኛ «ለ» ክፍል አለቃ ጥሩዓለም እጇን አወጣች። «ፑት ኦፍ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ቀጠሮ ማራዘም ነው ብለውን ነበር፣ መጽሐፉ ላይ ግን ሰውዬው መብራቱንም «ፑት ኦፍ» ያደርጋል፣ የወጡ ሽታም ሰውዬውን «ፑት ኦፍ» ያደርገዋል፣ ታዲያ ትርጉሙ ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። አዳፍሬ የሚያውቀው ማራዘሙን ብቻ ነበር። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለሁላችሁም የቤት ሥራ ይሁናችሁ ብሎ ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ ወጣ። የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ ያ ገጽ ተቀዷል። ከምሳ በኋላ የሚገባው ደግሞ እዚያው ክፍል ነው። አላውቅም ማለት ለእሱ በአርባ ስምንት ልጆች ፊት ሱሪ ከማውለቅ አይተናነስም ነበር።

በሕልሙ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው አህያ ነበር። ኮፍያውን አስተካክሎ የቤት ሥራህን አሳይ አለው። አልሠራሁም ሲለው ከሰልፉ ኋላ እንዲቆም በጆሮው አመለከተው። ተሰልፈው የቆሙት እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰጣቸውና ተመልሶ ያላያቸው የቤት ሥራዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሸብተዋል። አንዱ ከዘራውን ተደግፎ፣ «ነገ አያችኋለሁ ብለኸን ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ» አለው። 

ወዲያው ክፍል ውስጥ ሆነ። ጥቁር ሰሌዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ዴስኮቹን የሞሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ መዝገበ ሰብ የሚባል ወፍራም መጽሐፍ ይዘው ያልገባቸውን ሰው ይፈልጉበታል። ከፊት ካፖርት የደረቡት አቶ ፑትና ክንዳቸውን የያዙት ቀጭኗ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦፍ ተቀምጠዋል። አቶ ፑት፣ ብቻዬን ስሆን ሥራዬ ማስቀመጥ ነው፣ ከእሷ ጋር ስወጣ ግን ትርጉሜ እንደምንገባበት ቤት ይለያያል አሉና መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«አዳፍሬ። ከጠመኔ ጋር ሲሆን፣ ሁሉን ዐዋቂ። ከሚስቱ ከየሺእመቤት ጋር ሲሆን፣ ዝምተኛ። ከጥያቄ ጋር ሲሆን፣ ሯጭ።» ቀና ብለው አዩት። «ታዲያ ትርጉምህ ስንት ነው?»

ልማድ ክፉ ነውና አዳፍሬ ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ጀመረ። ለሁላችሁም የቤት ሥራ ሊል ሲል ውጭ የተሰለፉት ቦታ ሞልቷል ብለው ጮኹ። ሮጦ ሊወጣ ቢሞክር በሩ ፈተና ላይ ነኝ፣ አትረብሸኝ አለው። አህያው ሰዓቱን አየ።  አንዲት ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ አልወጣ አለች። ፈራ፤ በጣም ፈራ። ከዚያ ሳል ቢጤ ሳለና፣

«አላውቅም» አለ።

ጣራው አልወደቀም። ማንም አልሳቀበትም። ከበሩ ውጭ ሽማግሌው የቤት ሥራ፣ እንግዲህ እንቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ፑት ተቀመጡ አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ሰልፍ በሙሉ እፎይ ብሎ ሣሩ ላይ ተዘረፈጠ። ወይዘሮ ኦፍ ተነሥተው መብራቱን አጠፉ።

«ቲቸር።»

ጥሩዓለም በመምህራን ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ደወሉ ተደውሏል። የክፍል አለቃ እንደ መሆኗ ደብተሮቹን ሰብስባ ማምጣት ነበረባት፤ እጇ ግን ባዶ ነው፣ ዐይኗም ከወለሉ አልተነሣም።

«ቲቸር፣ የቤት ሥራውን ማንም አልሠራም። እኔም አልሠራሁም። እርስዎ ሰጥተው ስለማይጠይቁን…»

አዳፍሬ ጉንጩ ላይ የታተመውን የእጅጌውን ቁልፍ እያሻሸ አያት። ደረቱ ላይ ከዋዜማው ጀምሮ የነበረው ድንጋይ የት እንደ ገባ አላወቀም።

«እኔም አልሠራሁትም» አላት።