የሃምሳ ደቂቃው በረራ አጣሪ ኮሚቴ

ጠላት እንኳ መሥሪያ ቤታችንን በችኮላ አያማውም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለእኛ መመሪያ ነው፤ አፍሰን ስለማናውቅም እስከ ዛሬ የለቀምነው ነገር የለም።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን አባት በሌላ ከተማ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሆነ። ልጅቱ፣ ወደ ሕክምናው ክፍል ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን ልትይዝ፣ የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን በመነጽራቸው ውስጥም ከመነጽራቸው በላይም አነበቡት።

«በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል?»

«ሃምሳ ደቂቃ። ትኬቱ ላይ አለ።»

«ትኬት ሻጭ ባለው ፈቃድ ልንሰጥ? የጉዞ ቀን የሚሰላው በተረጋገጠ ርቀት ነው!»

«ሕክምናው እኮ ሐሙስ ነው፣ ጌታዬ።»

«ለዚህም ነው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ዛሬውኑ የማቋቁመው።»

ጥላ እንዳትሄድ፣ ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ይሰናበታል። በዚህ በኩል እንኳ ፈጣን ነን።

ኮሚቴው ረቡዕ ዕለት፣ እሷ ልትሳፈርበት ባሰበችው አውሮፕላን፣ ለጥናት በረረ። ሲሄድ ሃምሳ፣ ሲመለስ ስልሳ ደቂቃ መዘገበ። ጉድ ፈላ! አንድ መንገድ እንዴት ሁለት ርዝመት ይኖረዋል?

«ነፋስ ይሆናላ» አለች ልጅቱ፣ ቃለ ጉባኤ እየያዘች።

«ነፋስ የኮሚቴው አባል አይደለም» አሉ ሰብሳቢው።

የዕቅድ ኃላፊው ግን ሊቅ ናቸው። «ወደዚህ ሲመጡ ዳገት ነዋ!» ተጨበጨበ። ዳገቱን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተዋቀረ።

ሐሙስ አለፈ። አባትየው ብቻቸውን ገብተው ብቻቸውን ወጡ።

በሳምንቱ፣ ዳገቱ ላይ የጦፈ ውይይት እየተካሄደ ሳለ፣ ሁለት ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ አንድ ባለታክሲ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው።

«ልጄ እዚህ ናት?»

እስክሪብቶዋን ጥላ ተጠመጠመችባቸው። «አባዬ! በምን መጣህ?»

«በአውሮፕላን ነዋ። ብትቀሪብኝ ጊዜ እኔው ልምጣ አልኩ።»

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አሉ። «አባባ፣ እግዜር ነው የላከዎት! ወደዚህ ሲመጡ ዳገት ነው፣ ወደዚያ ቁልቁለት ነው እያልን ነበር። እርስዎ ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ ጌታዬ፤ ዓይኔ ታስሮ። ታስሮም ግን ደረስኩ።»

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ልባቸው ተነካና፣ በታሪካችን ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት፣ ፈቃዱን እዚያው ፈርመው ማኅተም አስመቱበት። ልጅቱ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

«አባቷን በታከሙበት ከተማ ተገኝታ እንድትጠይቅ ከነገ ጀምሮ አራት ቀን ተፈቅዶላታል። ፈቃዱ ለሌላ ከተማ አያገለግልም።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ግድግዳውን እየዳበሱ በሩን ፈለጉ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ቶሎ ልመለስልሽና መጥተሽ ጠይቂኝ። ደግነቱ ቁልቁለት ነው አሉ።»