የጣልኩት ኮርስ

እስቲ ልጠይቅህ፤ ፕሮግራሚንግ ለመማር ምርጡ ኮርስ የቱ ነው? አታውቅም? ተባረክ! አምቦ ውስጥ የሚያውቀው ሰው በዝቶ ነው እኔ ጉድ የሆንኩት።

ነገሩ የጀመረው በራሴ አፍ ነው። ሚስቴ ሌንሴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እዚያ በሽተኛው ካርዱ ተፈልጎ እስኪገኝ ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ አንዳንዱማ በዚያው ይሻለውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ልወስዳት ሄጄ ኃላፊያቸው ኦቦ ገመቹ በካርድ ፍለጋው ሲማረሩ ሰማሁ። ዝም አልልም መቼስ! ይሄማ ቀላል ነው፣ ቁጥር ሲጻፍለት ካርዱ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር ፕሮግራም እሠራላችኋለሁ አልኩ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ኦቦ ገመቹ “ገለቶማ መምህር! ገለቶማ!” እያሉ በምስጋና እጄን ጨበጡኝና በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ እንዳቀርበው ቀጠሩኝ። ሌንሴ ብቻ አላጨበጨበችም። እኔ ጊንጪ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አንድ መስመር ኮድ ጽፌ እንደማላውቅ ታውቃለች።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ዋናው ጥሩ ኮርስ ማግኘት አይደል? በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ተማሪ ጠየቅኩት። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማር አለኝ። ከኋላ ያለው ሳቀበት፤ ጃቫ ያልቀመሰ ሰው መሠረት የለውም አለ። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ፣ የአጎቴ ልጅ በሲ ነው የጀመረው ብሎ ገባበት። በቃ፣ መኪናው ተከፋፈለ! እኔ ጊንጪ ስወርድ እነሱ እየተጨቃጨቁ ወደ አዲስ ዓለም አለፉ።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር፣ ዋይፋዩ ወደ ውጭ የሚያፈስበት አንድ ድንጋይ አለ። ከሥራ መልስ እዚያ ላይ ላፕቶፔን ይዤ መጎለት ሆነ ሥራዬ። ፓይተን አወረድኩ። በመጀመሪያው ትምህርት ኮምፒውተሩ “ሰላም ዓለም” ብሎ ጻፈልኝ። በደስታ ልበር! በማግስቱ ግን ከዚህ የተሻለ ኮርስ አለ የሚል ሰው መጣ። አወረድኩ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጃቫ፣ ሰላም ዓለም። ሲ፣ ሰላም ዓለም። ወዳጄ፣ ዓለምን በስንቱ ቋንቋ ሰላም አልኳት መሰለህ! ከሰላምታው በኋላ ምን እንደምንጨዋወት ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ላፕቶፑ ሞላ። የማይረባውን መጣል ጀመርኩ። ከሁሉ የማይረባው አንድ የአልጎሪዝም፣ የስሌት ዘዴ የሚሉት ኮርስ ነበር፤ ድምፅ የለውም። አንድ ጢማም መምህር ሰሌዳው ላይ ሳጥኖች ይደረድራል። መሀለኛውን ይነካል፤ ከዚያ ግማሾቹን በእጁ ሂዱልኝ ብሎ ያባርራል። ከቀሩት ደግሞ መሀለኛውን ይነካል፤ አሁንም ያባርራል። ቤቱ ተጣልቶ የመጣ መሰለኝ። ሪሳይክል ቢን የሚሉት የላፕቶፑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወርኩት። መጣያው ራሱ ካልተደፋ የተጣለው ሁሉ እዚያው እንደሚቆይ የት አውቄ!

የስብሰባው ዋዜማ ደረሰ። በእጄ ያለው ሰላምታ ብቻ ነው። ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። ሌንሴን ነገ ታሟል በይልኝ ብዬ ለመንኳት።

“ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?” አለችኝ። “የምትቀረው እኮ ከጤና ጣቢያ ነው። ታሟል ካልኳቸው ይምጣ ነው የሚሉኝ።”

ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ መምህር ወደ ፊት ሲሉኝ ከፊቴ ካለው ሰው ጀርባ ዝቅ አልኩ። ሌንሴ ላፕቶፑን ይዛ ተነሳች። የአንዲት እናት የካርድ ቁጥር ጻፈች። ላፕቶፑ ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ታችኛው ረድፍ አለ። ሮጠው ሄዱ፤ ካርዱ እዚያው ተቀምጧል! አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ምን እንደተፈጠረ ሳይገባኝ ከሰው ጋር እልል አልኩ።

ከየት ተማርሽው፣ የቱ ኮርስ ነው ብለው ከበቧት።

“እሱ ከጣለው” አለች።

ለካ የማታ ተራዋን ጨርሳ ቀን ቤት ስትውል መጣያውን ከፍታ ያንን ጢማም አግኝታዋለች። ድምፅ ስለሌለው እያቆመች መገመት ነበረባት። እጁን ስታይ ግን ሰውዬው ካርድ እየፈለገ ነው አለች! ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ከተደረደሩ መሀል ያለውን ታያለህ፤ የምትፈልገው ከእሱ የሚበልጥ ከሆነ ከታች ያለውን ግማሽ እንዳለ ትተወዋለህ። ኮድ መጻፉን ደግሞ ከእኔው ፓይተን ኮርስ፣ ከሁለተኛው ትምህርት ጀምራ ተማረች፤ የካርዶቹንም ቁጥር ከነመደርደሪያቸው ማታ ማታ ተራዋ ላይ መዝግባ አስገብታለች። የመጀመሪያውንማ እኔ ቤት ውስጥ ደጋግሜ ስከፍተው በቃሏ ይዛዋለች። ኮራሁባት፤ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

አሁን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ምስጢሩን ይጠይቀኛል። ምስጢሩማ ገብቶኛል፤ ኮርሱን መጣል ነው። ለኦቦ ገመቹ የመድኃኒት ክፍሉንም ፕሮግራም እሠራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ኮርሶቼን በሙሉ መጣያው ውስጥ ከትቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ የሌንሴ የማታ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ ብቻ ነው።