የጋሼ ፈላስፋ መነጽር

በየሕንፃው አንድ ፈላስፋ አይጠፋም። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ፈላስፋው ግን ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

የኛው ክቡር ጋሼ ፈላስፋ ይኖሩ የነበረው ከቤቴ በር ፊት ለፊት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ኮሌጅ ውስጥ ስለ አእምሮ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ተማሪነቱ ለኛ ለጎረቤቶች ተረፈን።

«አእምሮ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?» ይሉኛል፣ ሁለት እጄን አስቤዛ ይዤ ስወጣ። «ግማሹ እኮ ውጭ ነው ልጄ! ዕቃ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ሰው ላይ!» ሽንኩርቴ እስኪበቅል ያስረዱኛል። አንዴ የቧንቧ ሠራተኛውን ይዘው «መፍቻህ የአእምሮህ ክፍል ነው» ሲሉት፣ ውሃው ምድር ቤት ደረሰ።

ዋና ማስረጃቸው ባለቤታቸው እትዬ ነበሩ። ጋሼ መነጽር ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምሱት፣ እትዬ ከኩሽና ሳይወጡ «ግንባርህ ላይ ነው!» ይሏቸዋል። ጋሼ እንደማፈር ደረታቸውን ነፍተው ወደኔ ይዞራሉ።

«ሰማሽ? የኔ ትዝታ የተቀመጠው እሷ ዘንድ ነው።»

«ወግ ነው! ስንፍናህን ፍልስፍና አልከው እንጂ» ይላሉ እትዬ።

አምና እትዬ ሞቱ። ጋሼ ምድጃ ለኩሰው መርሳት አመጡ። ልጃቸው ከሌላ ከተማ መጥታ «አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ትኖራለህ» አለች። እሳቸው የእትዬን ማንቆርቆሪያ አቅፈው ቁጭ አሉ።

«እዚህ ቤት ዕቃው ሁሉ በእናትሽ ድምፅ ያናግረኛል። ካወጣሽኝ ግማሽ አእምሮዬን ትቼ ነው የምሄደው።»

«እሳት ቢነሳስ አባዬ?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ጋሼ ዞር ብለው ምድጃውን አዩ። ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፉ ሄዱ።

ተገላገልኩ አልኩ። ወይ መገላገል! አስቤዛዬን ይዤ የተዘጋ በራቸው ፊት ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ናፈቁኝ፣ ምን ይደረግ።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ መነጽሬን አጣሁት። የት ነው ያለው?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በምን አውቄ?» ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ወደ ኩሽና ገብቼ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ግንባርዎ ላይ ነው!»

«እውነትሽን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። ሳይደውሉ የቀሩ ቀን፣ ምን እንደጠፋኝ ሳላውቅ ቤቴን ሳተራምስ እውላለሁ።