ያለ ፈቃድ የዞረው ጄነሬተር

ታሪክ በትክክል ይመዝግበውና፣ የነፋስ ኃይል ማሻሻያ ጽሕፈት ቤታችን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ብልሽት ያልደረሰበት ጄነሬተር ሠርቶ አቁሟል። ብልሽት ያልደረሰበት ዞሮ ስለማያውቅ ነው።

ችግሩ ቀላል ነው። ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ሽቦው የተጠመጠመበትን ብረት ሙጭጭ ብለው ይዘውታል፤ የሠፈራችን ነፋስ ደግሞ ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ ለማንሳት የሚያፍር ጨዋ ነፋስ ነው። ዋና ዳይሬክተራችን አርቀው አስበው በእጥፍ የጠነከሩ ማግኔቶች እንዲገቡ አዘዙ። ሙጭጭታውም በእጥፍ አደገ።

ሽቦ ጠምጣሚው ባለሙያችን ግን አርፎ አይቀመጥም።

«ጌታዬ፣ ብረቱን እናውጣው። ሽቦውን ብቻውን ጠምጥመን በሙጫ ብናደርቀው ማግኔቱ የሚይዘው ያጣል። በትንሽ ነፋስ ይዞራል።»

«ብረት የሌለው ማሽን? ለጎብኚ ምን ልናሳይ ነው?»

«ሲዞር ያዩታላ።»

«ሥነ ሥርዓት ያዝ!»

ወዲያው የነፋሱን የአፈጻጸም ጉድለት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ተገምግሞ ሊሻሻል አልቻለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ክፍት መስኮት ላይ ለጠፍንለት፤ ወረቀቱ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ጠምጣሚው በእረፍት ቀኑ ከተጣሉት አሮጌ ማግኔቶች ብረት የሌለው የራሱን ጄነሬተር ሠርቶ፣ አጠገባችን ያለው ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ያለ አንዳች እፍረት ይዞር ጀመር። መብራት በጠፋ ቁጥር የሕፃናት ክትባት እየሞቀባት ስትደፋ የኖረችው ነርስ ማቀዝቀዣዋን ከእሱ ጋር አገናኘች፤ መድፋቱም ቀረ። ጽሕፈት ቤታችን ፈጣን እርምጃ ወሰደ፤ ያለ ፈቃድ በመዞሩ እንዲወርድ ወሰነ።

ውሳኔው በሚነበብበት ዕለት አዳራሹ ጢም አለ።

«ጥናታችን እንዳረጋገጠው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «ይህ ብረት አልባ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ማመንጨት...»

መብራት ድርግም አለ፤ ድምፅ ማጉያው ዝም። የፕሮቶኮል ሹሙ ሮጦ ከጤና ጣቢያው ገመድ ስቦ መጣና ሰካው።

«...ፈጽሞ አይችልም!» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ነርሷ በሩን በርግዳ ገባች።

«ማቀዝቀዣዬን ማን ነው የነቀለው?»

«ሲስተርዬ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ብቻ ታገሺን» አላት ሹሙ።

«ስንት ገጽ ቀረው?»

«አርባ።»

ገመዱን መንጭቃ ነቀለችና ጠቅልላው ወጣች። ዳይሬክተሩ ልብ አላሉም፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ቃል ግን አይሰማም። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ።

ጄነሬተሩ ይውረድ የሚለው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር አሉ። የሰማው ስለሌለ ይኸው ዛሬም ይዞራል።