የሚዳቋ እሾህና የነብሮ ዋስትና

«እማዬ፣ ነብሮ ሲራመድ ጥፍሮቹ የት ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀች ግልገሏ።

እናት ሚዳቋ የምታላምጠውን ቅጠል ዋጥ አደረገች። «መዳፉ ውስጥ ይሸሽጋቸዋል፣ ልጄ።»

«ታዲያ እኛ የምንሸሽገው የለንም?»

ይህ የሆነው በዱሮ ዘመን፣ አራዊት ለሁሉም ነገር ማመልከቻ በሚጽፉበት ጫካ ነው። አምና የሚዳቋ የበኩር ልጅ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ በነብሮ አፍ ቀርታለች። የተረፈቻት ይህችው አንዲት ናት። ስለዚህ ሚዳቋ ስትጸልይ ሰነበተችና አንድ ቀን ከግራር ጠንካራ እሾህ ነቅላ፣ ልጇን አስከትላ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ዋርካ ሄደች። ንብ የአንበሳን አፍንጫ ከነደፈች ወዲህ፣ ስውር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነበርና።

ከፊቷ የተሰለፈው ጃርት እያጉረመረመ ተመለሰ። «ያንተ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ወዲያኛው ዋርካ ሂድ» ተብሎ ነው። ወዲያኛው ዋርካ ደግሞ ወዲህ ልኮት ነበር።

«ማንን ፈርተሽ ነው?» አለ ጸሐፊው ዝንጀሮ።

«ነብሮን፣ ጌታዬ።»

ዝንጀሮ ጻፈ። «የት ትደብቂዋለሽ?»

«ከጉሮሮዬ ሥር፣ ጠጉሬ ውስጥ። እሱ የሚይዘው በጉሮሮ ነው።»

«መልካም። አሁን ዋስ አምጪ። ዋሱም ራሱ ፈቃድ ያለው ይሁን።»

«ፈቃድ ያለው ማን ነው?»

ዝንጀሮ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለጠ። «ነብሮ» አለ።

ማመልከቻ የያዘን ጉዳዩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይበላው አዋጅ ስለነበረ፣ ሚዳቋ ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ነብሮ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ነበር።

«ዋስ ሁነኝ ብዬ ነው፣ አያ ነብሮ።»

«ምን ገዶኝ፣ እትዬ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው» አለ። «ማንን ፈርተሽ» በሚለው ላይ ስሙን ሲያይ ቅር አላለውም። «የት ትደብቂዋለሽ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ደግ ቦታ ነው። ከዚያ እንዳታነቃንቂው።» ጥፍሩን አውጥቶ ፈረመና መልሶ ሸሸገው።

ወደ ዋርካው ስትመለስ ዝንጀሮ ማኅተሙን መታ። «በቃ፣ ጉዳይሽ አልቋል» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግልገሏ፣ «እማዬ፣ ነብሮ ለምን ሁለት ጊዜ አነበበው?» አለች። ሚዳቋ ከግራር ግንድ ላይ ሙጫ ላጠች።

በማግስቱ ጠዋት ሚዳቋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ጸለየች። ከዚያ እሾሁን ከጉሮሮዋ አንሥታ፣ በሙጫ ማጅራቷ ላይ አጣበቀችውና ጠጉሯን መለሰችበት። እንደ ልማዷም ልጇን ከኋላ አድርጋ ወደ ወንዙ ወረደች።

ነብሮ ከቁጥቋጦው ወጣ። ጉሮሮዋን ተወና ከኋላ ዘሎ ማጅራቷን ነከሰ። ወዲያው ለቀቃት። እሾሁ ላንቃው ውስጥ ቆሞ ነበር።

«ፈቃዱ የሚለው ጉሮሮ ነው» አለ፣ አፉን እንደ ከፈተ። «እኔ ዋስሽ እኮ ነኝ።»

«እውነትህን ነው፣ አያ ነብሮ። ቦታ መለወጤን አመለክታለሁ፤ ዋርካው እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነው» አለች ሚዳቋ። «እሾሁንም ስታወጣው መልስልኝ። በስሜ የተመዘገበ ነው።»

ነብሮ ደሙን እያንጠባጠበ ሄደ። እሷም ማጅራቷን ታጠበችና ልጇን አስቀድማ ውሃ አጠጣች።